«ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሌ ስንት ነው?» ቁጥሮቹን ለራስ ማንበቢያ መንገድ

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ አንድ ቁጥር አገር ምድሩን ያዳርሳል። በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ነበር። በ2015፣ 3.2። በ2016፣ 5.4። በ2017 ደግሞ 8.4። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ማለት ነው። ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ ደሴ ፒያሳም ብትሄዱ፣ ኮምቦልቻም፣ ወልዲያም፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ ወሬው እሱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ተፈታኝ ይህን ሲሰማ ቅስሙ ይሰበራል። «ቲቸር፣ ከመቶ ሦስት ሰው ብቻ የሚያልፍ ከሆነ እኔ ማን ነኝና ነው የማልፈው?» ይላል።

መጨነቁ አይገርምም። ስሌቱ ግን አያስኬድም። ያ ቁጥር የአገሩ ሁሉ ድምር ነው፤ ላብራቶሪና ላይብረሪ በተሟላለት ትምህርት ቤት የተማረውም፣ ገጠር ወረዳ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ሳያገኝ የከረመውም፣ ሰቃዩም፣ ደብተሩን ገልጦ የማያውቀውም አንድ ላይ ተደምረውበታል። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ እናንተን የሚመስል ተማሪ ስንት አመጣ የሚለውን ነው። እሱ ደግሞ ሚኒስቴሩ መግለጫ ላይ አይገኝም፣ ግማሹን ራሳችሁ ሄዳችሁ ትሰበስቡታላችሁ። ደብተር፣ ስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ጥያቄውን መጀመሪያ ለዩት

«ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ወይ?» የሚለው ብዙ ጥያቄ ነው፣ ሰው ግን እንደ አንድ ይጠይቀዋል። 50 በመቶ ማምጣት አንድ ነው። 50 ሳይሞላ ሪሜዲያል (50 ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) መግባት ሌላ ነው። የፈለጉት ዩኒቨርሲቲ መመደብ ሦስተኛ፣ ከገቡ በኋላ የፈለጉትን ዲፓርትመንት ማግኘት አራተኛ። ውጭ አገር በነፃ መማር ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለምን መለየት ያስፈልጋል? የየአንዳንዱ ዕድል በጣም ስለሚራራቅ። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶ ያመጡት 29,909 ነበሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከ40 በላይ ናቸው። ብታካፍሉት ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ 700 ተማሪ ገደማ ነው የሚደርሰው። ቦታው ከተማሪው በልጧል ማለት ነው፣ ሪሜዲያል የመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘመን አገር ውስጥ ለመግባት ዋናው ማነቆ የቦታ ማነስ አይደለም፤ 50ን መሻገሩ ነው። 50ን ከተሻገራችሁ ወዲያ ያለው ጥያቄ «የት?» እና «ምን?» ይሆናል። አባቶቻችን ሲፈተኑ የነበረውን ሁኔታ እያሰባችሁ አትስሉ፣ ያኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር።

ከስንት ስንት?

በመቶኛ ስታዩ ሁልጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ፦ የተፈተነውንና ያለፈውን። በአራቱ ዓመታት እንዲህ ነበር፦

2014፦ 896,520 ተፈትነው 29,909 አለፉ።
2015፦ 845,099 ተፈትነው 27,267።
2016፦ 674,823 ተፈትነው 36,409።
2017፦ 585,882 ተፈትነው 48,929።

ከ3.2 ወደ 8.4 በመቶ መውጣቱን ብቻ ያየ ሰው «ፈተናው ቀለለ፣ ዕድሌ ከእጥፍ በላይ ሆነ» ይላል። ግን ተፈታኙም በጣም ቀንሷል። ከ2015 እስከ 2017 ባሉት ሁለት ዓመታት ከ259 ሺህ በላይ ሰው ከተፈታኙ ቁጥር ወርዷል። በ2017 ያለፉትን 48,929 በ2015ቱ ተፈታኝ ቁጥር ብናካፍላቸው 5.8 በመቶ ነው የሚሆነው። ያለፉት በእርግጥ ጨምረዋል፣ ያ ደስ ይላል፤ የመቶኛው ጭማሪ ከፊሉ ግን የመጣው ከታችኛው ቁጥር መቀነስ ነው። ወሎ ላይ ላለን ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ በመጣው አለመረጋጋት ስንቱ ተማሪ ከክፍል እንደቀረ በየሰፈራችን እናውቃለን። ያልተፈተነ ሰው «ወደቀ» አይባልም፣ ከቁጥሩ ውስጥ ጭራሹን ይጠፋል።

ሌላ ወጥመድ አለ። በ2014 የተፈጥሮ ሳይንስ ውጤት የሚታሰበው ከ700 ነበር፤ አሁን ከ600 ነው። ታላቅ ወንድማችሁ «እኔ 360 አምጥቼ ነው የገባሁት» ቢላችሁ ከስንት እንደሆነ ሳትጠይቁ ደብተራችሁ ላይ አትጻፉት። 360 ከ700 51 በመቶ ነው፣ ከ600 ደግሞ 60። ሁሉንም ወደ መቶኛ ቀይሩና ከዚያ አወዳድሩ።

ምድባችሁን ፈልጉ

የ2014ቱ 3.3 በመቶ ሲከፈት እንዲህ ነበር፦ ከተፈጥሮ ሳይንስ 339,642 ተፈትነው 22,936 አለፉ፣ 6.8 በመቶ። ከማኅበራዊ ሳይንስ 556,878 ተፈትነው 6,973 አለፉ፣ 1.3 በመቶ። ልዩነቱን እዩት። ናቹራሉ ከሶሻሉ በአምስት እጥፍ ይበልጣል፣ 3.3 የሚለው ቁጥር ደግሞ ለአንዳቸውም አይሆንም። ሶሻል የሆነ ልጅ 3.3 ብሎ ቢያስብ ራሱን ያታልላል፤ ናቹራል የሆነው ካሰበው ደግሞ በከንቱ ይደነግጣል።

ከዚህ ላይ ግን «እንግዲያው ናቹራል ብገባ ዕድሌ አምስት እጥፍ ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። ናቹራል የሚመርጡት መጀመሪያውኑ በሒሳብና በሳይንስ የሚተማመኑት ናቸው፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ጎበዝ የተባለ ሁሉ ወደዚያ ይገፋል። ክፍሉን መቀየር ተማሪውን አይቀይረውም።

የዚህ ዓይነቱ ስህተት ትልልቅ ቦታም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶው ሲገቡ፣ ከሴቶቹ የገቡት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ። አድልዎ ነው ተባለ። በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ ሲታይ ግን ያ ልዩነት አልተገኘም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ሴቶቹ ያደላ ነበር። ነገሩ ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ለሁሉም ሰው ጠባብ በሆኑት ክፍሎች ስለነበር ነው። ድምር ቁጥር ሲነገራችሁ «ሲከፈትስ?» ማለትን ልመዱ።

እኛ ጋ የሚከፈለው በናቹራልና በሶሻል ብቻ አይደለም። የሪሜዲያል መቁረጫ ነጥብ ሲወጣ ለወንድና ለሴት፣ ለታዳጊ ክልሎች፣ ማየትና መስማት ለተሳናቸው ለየብቻ ነው። የራሳችሁን መስመር አንብቡ። የጓደኛችሁ መቁረጫ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ወደ ትምህርት ቤታችሁ ውረዱ

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ቁጥር እዚሁ አጠገባችሁ ነው ያለው፣ ማንም ግን አይጠይቀውም። በ2014 ዓ.ም. ከ2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ በሚራራቁ ትምህርት ቤቶች መካከል ያላችሁበት ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ የአገሩን አማካይ መያዝ ትርጉም የለውም።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ወይም የክፍል ኃላፊያችሁ ጋ ሂዱና ያለፉትን ሦስት ዓመታት ጠይቁ። ስም አያስፈልጋችሁም። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ፣ ያለፉት ክፍል ውስጥ ስንተኛ ይወጡ ነበር። የመጨረሻዋ ዋናዋ ናት። አብዛኛው ትምህርት ቤት ይህን በአንድ ወረቀት አዘጋጅቶ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ያለፉትን ልጆች ፈልጋችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ በአንድ ሰፈር እየኖርን ይሄ አይከብድም።

ከዚያ ሰንጠረዥ ሥሩ። በምሳሌ እንየው። እንበል ትምህርት ቤታችሁ በሦስት ዓመት 360 ተማሪ አስፈትኖ 14 አሳለፈ። 3.9 በመቶ መሆኑ ነው፣ ያስፈራል። ግን ከ1 እስከ 5 ይወጡ ከነበሩት 15 ተማሪዎች 9ኙ አልፈዋል። ከ6 እስከ 15 ይወጡ ከነበሩት 30 ልጆች 5ቱ። ከዚያ በታች ማንም። እንግዲህ ሦስተኛ የምትወጣ ልጅ ዕድሏ 60 በመቶ አካባቢ ነው፣ ስምንተኛ የሚወጣው 17 በመቶ፣ ሠላሳኛ የሚወጣው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ታሪክ ምንም ድጋፍ የለውም፣ ተስፋ ካለው ከሌላ ቦታ ነው የሚያመጣው። አንዱን 3.9 ሦስት የተለያየ ሰው ተሸክሞት ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ይዋዥቃል። ትምህርት ቤቱ አምና ሁለት፣ ዘንድሮ አራት ቢያሳልፍ «በእጥፍ አደግን» ተብሎ ባነር ሊሰቀል ይችላል፤ እናንተ ግን ምንም አትደምድሙ፣ ሁለት ጎበዝ ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው መጥተው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ደምሩ የምለው። የክፍል ደረጃም ኩረጃ በበዛበት ክፍል ብዙ አይታመንም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ በደረጃ አንደኛ የነበሩ ልጆች ሲወድቁ ያየነው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ራሳችሁን መዝኑ

ሰንጠረዡ መነሻ ይሰጣችኋል። ከዚያ በላይ የሚናገረው የራሳችሁ ልምምድ ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ፈልጉና ሦስቱን ሙሉ ለሙሉ ሥሩ፣ ሁሉንም ትምህርት፣ በተሰጠው ሰዓት፣ ስልክ ጠፍቶ። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ እየተባለ ከመልሱ ጋር እየተያየ የተሠራ ፈተና አይቆጠርም። የዞን ሞዴል ፈተና ካለ እሱንም ጨምሩ፣ ግን መልሱ አስቀድሞ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ከነበረ ጣሉት።

ሦስት ውጤት ስታገኙ አማካዩን ብቻ አትያዙ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውንም ጻፉ። 270፣ 310 እና 295 ብታመጡ አማካዩ 292 ገደማ ነው። መስመሩ 300 ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ግማሽ በግማሽ አካባቢ ነው ያለው፣ «አልፋለሁ» ማለትም «አልቆልኛል» ማለትም አይችልም። እኔ ለተማሪ የምመክረው አማካዩ 330 እስኪደርስ ተዝናንቶ እንዳይቀመጥ ነው፤ የፈተና ቀን ድካም አለ፣ ከቤት ርቆ ዶርም ውስጥ ማደር አለ፣ በኮምፒውተር መፈተን ለማያውቀው ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

አንድ የሚያጽናና ስሌት ልንገራችሁ። ፈተናው ባለ አራት ምርጫ ነው። ምንም ሳያውቅ ዝም ብሎ ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 በመቶ ያገኛል፣ ከ600 ወደ 150 ማለት ነው። አሁን ከሦስት ጥያቄ አንዱን በእርግጠኝነት የምታውቁ ከሆነና ቀሪውን ብትገምቱ ስንት ይመጣል? 33 በመቶው በእውቀት፣ ከቀረው 67 ሩቡ ማለትም 17 ያህሉ በግምት። ድምሩ 50። እንግዲህ 50 ለማምጣት ግማሹን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ይህ አማካይ ነው፣ ግምት ሊያበላሽም ሊያሳምርም ይችላል፣ ግን «50 የማይደረስበት ነው» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው። ደግሞ የሚታየው ድምሩ ነው። ሒሳብ 38 አምጥቶ ባዮሎጂ 63 ያመጣ ልጅ ተካክሶለታል። ስለዚህ ከየትኛው ትምህርት ላይ 10 ነጥብ በቶሎ እንደሚገኝ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አፕቲትዩድና እንግሊዝኛ ናቸው፣ ተማሪው ግን ሲያጠና የሚከርመው ፊዚክስ ነው።

የት ልመደብ?

50 ያመጣ ሰው ምርጫውን ይሞላል፣ ምደባው በውጤትና በምርጫ ይሠራል። ከእኛ አካባቢ ብዙው ተማሪ ወይ አዲስ አበባን ወይ ቅርቡን ነው የሚያየው፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲን፣ ወልዲያን፣ መቅደላ አምባን። ወሎን ስትሞሉ ሕክምናው ደሴ፣ ምሕንድስናው ኮምቦልቻ መሆኑን አትርሱ፣ «ቤቴ ሆኜ እማራለሁ» ብሎ የሞላ የደሴ ልጅ ኮምቦልቻ ሲወርድ አይተናል። ለነገሩ ቅርብ ነው።

የዚህን ዕድል ለመገመት አምና የተመደቡ ልጆችን ጠይቁ። አምስት ነገር ጻፉ፦ ውጤት፣ ናቹራል ወይስ ሶሻል፣ ጾታ፣ ስንተኛ ምርጫ ነበር፣ የት ተመደበ። ሃያ ሰው ብታገኙ ትልቅ ነገር ነው። ያልደረሳቸውን መጠየቅ ግን የግድ ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «በ340 አንደኛ ምርጫዬ ደረሰኝ» ብሎ የሚጽፈው ደስ ያለው ነው፤ በዚያው 340 ስድስተኛ ምርጫው የተመደበው ልጅ ዝም ብሎ ሻንጣውን ያዘጋጃል። የደረሳቸውን ብቻ ከሰበሰባችሁ ሁሉም ሰው የሚደርሰው ይመስላችኋል።

በዚህ መንገድ የማይገመቱ ሦስት ቦታዎች አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂም የራሳቸው ፈተና አላቸው። እዚያ የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ በሩን ይከፍታል፣ ወንበሩን ግን አይሰጥም። የምዝገባውን ቀን ራሳችሁ ተከታተሉ፣ ማንም ደውሎ አይነግራችሁም።

ዲፓርትመንቱስ?

ቤተሰብ «ልጄ ዶክተር ይሆናል» ሲል ቁጥሩ የሚቆጠረው እዚህ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ፍሬሽማን ነው፣ ውድድሩ ከገቡ በኋላ በፍሬሽማን ውጤትና በመግቢያ ፈተና ይደረጋል። ሪሜዲያልን አልፈው የመጡትም አብረው ይወዳደራሉ። የምትጠይቁት ሬጅስትራር ወይም አንድ ዓመት የሚቀድማችሁን ተማሪ ነው፦ ለሕክምና ስንት ቦታ ነበር? አንደኛ ምርጫ ያደረጉት ስንት ነበሩ? የመጨረሻው የገባው ልጅ ውጤት ስንት ነበር? የመግቢያ ፈተናውና የፍሬሽማኑ ውጤት የሚይዙት ድርሻስ? 50 ቦታ ኖሮ 120 ሰው ቢመርጠው «ከ120 50፣ 42 በመቶ» አትበሉ፣ ዕጣ አይደለም። የመጨረሻው የገባው 3.7 ከነበረና እናንተ 3.4 ላይ ከሆናችሁ ዕድላችሁ ከ42 በጣም ያንሳል፤ 3.9 ከሆናችሁ ደግሞ በጣም ይበልጣል። መስመሩ በየባቹ ስለሚንቀሳቀስ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እዩ።

ውጭ አገርን ለሚያስቡ

ይሄኛው ክፍል ረዘም ይላል፣ የሚወራው ውሸትም እዚህ ይበዛል። አሜሪካን ልውሰድ፣ ምክንያቱም የእነሱ ኮሌጆች ቁጥር አይደብቁም። ብዙዎቹ በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) የሚባል አንድ ዓይነት ቅጽ ሞልተው ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። የኮሌጁን ስምና የቅጹን ስም በእንግሊዝኛ አንድ ላይ ጎግል ላይ ብትጽፉ ይመጣል። ፋይሉ ረጅም ነው፣ አትፍሩት፣ የምትፈልጉት አራት ቦታ ብቻ ነው።

ሲ1 ላይ ስንት አመለከተ፣ ስንት ተቀበሉ፣ ስንት ተመዘገበ የሚለው አለ። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ለገባው ባች 54,008 ሰው አመልክቶ 1,937 ተቀበለ፣ 3.6 በመቶ። ይህ ግን አሜሪካዊውንም የውጭውንም የደመረ ነው። በቅርብ ዓመታት ቅጹ የውጭ አገር አመልካቾችን ለይቶ የሚጠይቅበት መስመር ስላለው ኮሌጁ ሞልቶት ከሆነ እሱን ያዙ። ኤምአይቲ በድረ ገጹ ለይቶ ያወጣል፣ የውጭ አገር አመልካቾች የመግባት ዕድል ከአጠቃላዩ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሲ7 ምን እንደሚያዩ ይነግራችኋል፦ ውጤት፣ ድርሰት፣ የምክር ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ «በጣም አስፈላጊ» ወይም «አይታይም» እየተባለ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሲ9 ላይ የኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት አለ፣ ከተጻፉት ቁጥሮች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ያዙ። ለምሳሌ 1450 እና 1550 ቢል፣ ውጤት አስገብተው ከተመዘገቡት ሩቡ 1450 ወይም ከዚያ በታች፣ ሩቡ 1550 ወይም ከዚያ በላይ አምጥቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው «1450 ካለኝ ገባሁ» ብሎ ይረዳዋል። ታችኛው ሩብ ውስጥ ያሉት በስፖርት የተመለመሉና ሌላ የሚፈለግ ነገር ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሙሉ ወጪዬን ሸፍኑልኝ የሚል የወሎ ልጅ ራሱን ከላይኛው ቁጥር ጋር ነው ማስተያየት ያለበት። ኮሌጁ ውጤት ማስገባትን በፈቃድ ካደረገ ደግሞ ያስገቡት ጥሩ ያመጡት ስለሆኑ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል።

አራተኛውና ለእኛ ዋናው ኤች6 ነው። ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጡት ገንዘብ እዚያ ተጽፏል፦ ለስንት ተማሪ፣ በአማካይ ስንት ዶላር። ሁለት ነገር አስተውሉ። ቁጥሩ የሁሉም ዓመት ተማሪዎች ስለሆነ ለአንድ ባች ለማሰብ በአራት አካፍሉት፤ 80 ቢል ለአዲስ ገቢ ወደ 20 ሰው ነው፣ ያ 20 ደግሞ ለዓለም ሁሉ ነው። ሁለተኛ፣ አማካዩን ከጠቅላላ ወጪው ጋር አስተያዩ። ወጪው 80,000 ዶላር ሆኖ አማካይ ድጋፉ 25,000 ከሆነ ያ ኮሌጅ ተቀበላችሁም አልተቀበላችሁም አትሄዱበትም። ከዝርዝራችሁ ሰርዙት፣ የመቀበል ዕድሉ 60 በመቶ ቢሆንም።

አብዛኛው ኮሌጅ የውጭ ተማሪ ገንዘብ መጠየቁን ሲወስን ያየዋል፣ ይከብድባችኋል። ሳያዩ ወስነው የጎደለውን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍኑት ጥቂት ናቸው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ጥቂት ሌሎች። ጠባብ በር ነው፣ ግን ዋጋ አይጠይቅም፣ ማመልከቻ ክፍያውንም በይቅርታ ያነሳሉ።

«አሥር ቦታ ባመለክት 4 በመቶ ሲባዛ በአሥር 40 በመቶ አይሆንም?» አይሆንም። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ቢወስን እንኳ ቢያንስ አንዱ የመቀበሉ ዕድል 34 በመቶ ገደማ ነው የሚመጣው። እውነቱ ከዚያም ያንሳል፣ አሥሩም የሚያዩት ያንኑ አንድ ድርሰትና ያንኑ ትራንስክሪፕት ነው፤ አንዱን ያላሳመነ ወረቀት ሌላውንም ላያሳምን ይችላል። አሥረኛውን ማመልከቻ ከመጨመር ድርሰቱን እንደገና መጻፍ ይሻላል። ኤስኤቲ ለመፈተን ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መንገድና ማደሪያ ስላለው ደግሞ መጀመሪያ ቤታችሁ ሆናችሁ የልምምድ ፈተናውን በነፃ ሥሩ፣ 1200 ላይ ከሆናችሁ ትራንስፖርቱን ለጊዜው አቆዩት።

ስኮላርሺፕ እናስገኛለን የሚሉትን

«98 በመቶ ተማሪዎቻችን ተሳክቶላቸዋል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ የማጠናከሪያ ትምህርትም ይሁን የውጭ ዕድል፣ እነዚህን ጠይቁ፦ ከስንት ተማሪ? በየትኛው ዓመት? ስትመዘግቡ ፈተና ትሰጣላችሁ ወይ? (ጎበዙን መርጦ የሚመዘግብ ቤት ጎበዝ ቢያወጣ ምን ይገርማል?) አቋርጠው የሄዱት ከስሌቱ ውስጥ አሉ ወይ? ውጭ የላካችኋቸው ሙሉ ወጪ ተሸፍኖላቸው ነው ወይስ ቤተሰብ ከፍሎ? ክፍያው የሚጠየቀው ከመልሱ በፊት ከሆነ አትክፈሉ።

ለቤተሰብ ሲነገር

አባትና እናት አንድ ቁጥር ነው የሚፈልጉት። «ስንት ታመጣለህ?» ሲሏችሁ ለማስደሰት 500 አትበሉ። ከልምምዱ ያገኛችሁትን ከ270 እስከ 310 ንገሯቸው፣ ከዚያ በሦስቱም መንገድ ምን እንደሚደረግ አብራችሁ ተነጋገሩ፦ 50 ካለፈ ለመንገድና ለመጀመሪያው ወር ስንት ብር ያስፈልጋል፣ ሪሜዲያል ከሆነስ፣ ሁለቱም ካልሆነ በግል ኮሌጅ ነው፣ በቴክኒክና ሙያ ነው፣ ወይስ በድጋሚ በግል መፈተን? ይህ ወሬ ውጤት ከመውጣቱ በፊት ቢደረግ ይሻላል። ከወጣ በኋላ ጎረቤቱም ዘመዱም ስለሚገባበት ረጋ ብሎ ማውራት ይከብዳል። ሞዴል ፈተና በሠራችሁ ቁጥር ገጹን ገልጣችሁ ግምቱን አስተካክሉ፣ የቆየውን ግን አትሰርዙ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በ40 ነጥብ ያደገ ልጅና ባለበት የቆመ ልጅ አማካያቸው አንድ ቢሆንም ዕድላቸው አንድ አይደለም።